«ባሕር አጣን» ለምትሉ ወገኖቼ

ስለ ባሕር ማጣታችን ብዙ ተጽፏል፤ ከተጻፈውም ይልቅ የተለቀሰው ይበልጣል። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ራሷን የቻለች አገር ከሆነች ወዲህ ምፅዋንና አሰብን፣ ከሁሉም በላይ ዳህላክን ማንሣት ለእኛ ለከተሜዎቹ የቆየ ቁስል እንደ መነካካት ሆኗል። በጃንሆይ ዘመን ምፅዋ ወርዶ የዋኘ አባት ያለው ሰው ፎቶግራፉን አውጥቶ ያሳያል። ፎቶግራፍ የሌለው ደግሞ በሰማው ላይ ጨምሮ ያወራል። ከመቶ በላይ ስለሆኑት ደሴቶች፣ ስለ አሸዋው፣ ከውኃው ሥር ስላለው የኮራልና የዛጎል ዓለም፣ ስለ ባሕር ኤሊው፣ ስለ ዶልፊኑ... በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የቀይ ባሕር ነገር በመንግሥት ደረጃ በይፋ ከተነሣ በኋላማ ወሬው ከቡና ቤት ወጥቶ አደባባይ ገባ።

እኔ ወደብ ያስፈልገናል አያስፈልገንም፣ ይገባናል አይገባንም በሚለው ሙግት ውስጥ ለመግባት ብዕር አላነሣሁም። የዚያ ሙግት ባለቤቶች ሞልተዋል። ዳህላክ ዛሬ የኤርትራ ነው፤ የዳህላክን ዓሣ የሚጠብቅም ሆነ የሚፈጅ ቢኖር ኤርትራዊ ነው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ለመሆኑ ይህ ለቀይ ባሕር ዓሣ እንባውን የሚያፈስ ከተሜ በራሱ ባሕር ውስጥ፣ በራሱ ደሴቶች መካከል ስለሚኖረው ዓሣ ምን ያውቃል? ባሕር ዳር በሄደ ጊዜ ከበላው የዓሣ ኮተሌት በቀር?

«የራሱ ባሕር» ያልሁት ለማጋነን አይደለም። ጣና ዳር ተወልዶ ያደገ ገበሬ «ሐይቅ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። «ሐይቅ» የጂኦግራፊ መምህሮቻችን ያስለመዱን ቃል ነው (የወሎ ሐይቆች ይቅር ይበሉኝ)። ሰውየው «ባሕሩ ሞላ»፣ «ባሕሩ ሸሸ»፣ «ከባሕሩ ማዶ ዘመድ አለኝ» ነው የሚለው። ከተማዋንም ባሕር ዳር ያላት ቱሪስት አይደለም። ደግሞስ ጣና ባሕር ለመባል ምን ያንሰዋል? ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ደሴቶቹ 37 ናቸው ይባላል፤ ደቅ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ጣና ቂርቆስ፣ ክብራን ገብርኤል፣ ሬማ... ውኃውና ዙሪያው በአንድነት፣ ወደ 7 መቶ ሺህ ሄክታር የሚጠጋው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። እንግዲህ በሞቃቱ የምድር ቀበቶ ውስጥ ያለ፣ ደሴት የበዛበት፣ «ጥብቅ» የሚል መዝገብ ያለው ውኃ ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ነው? የጎደለው ጨው ብቻ ነው።

ዓሣው ደግሞ ጉድ ነው። ይህን ጉድ ስንቶቻችን እንደምናውቀው እጠራጠራለሁና ጥቂት ልቆይበት።

ከጣና የሚወጣው ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደ ሄደ ጢስ ዓባይ ላይ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረወራል። ያን ፏፏቴ ወደ ላይ የሚወጣ ዓሣ የለም። በታችኛው ዓባይ ያለው ትልቁ አዳኝ፣ ናይል ፐርች የሚሉት፣ ጣናን አያውቀውም። ስለዚህ ከፏፏቴው በላይ የቀሩት ዓሣዎች ረዥም ዘመን ለብቻቸው ኖሩ፤ ብቻቸውን ኖረውም ሌላ ቦታ ያልታየ ነገር ሆኑ። አጥማጆች በጅምላ «ነጭ ዓሣ» የሚሏቸው፣ በሳይንሱ ላቤዮባርበስ የሚባሉት ከአንድ ዘር ወርደው 15 ያህል ዝርያ ወጥቷቸዋል። አንዱ አፉ ወደ ታች የዞረ፣ ከታች ከጭቃው የሚለቅም ነው። አንዱ ከንፈረ ወፍራም ነው። አንዱ አፉ እንደ ከረጢት የሚከፈት፣ ሌላ ዓሣ አሳዶ የሚውጥ ነው። ከ15ቱ ውስጥ ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው። የሚገርመው ምን መሰላችሁ? ይህ ወገን የካርፕ ዘመድ ስለሆነ በመንጋጋው ላይ አንድም ጥርስ የለውም! ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። በሌላው ዓለም እንዲህ ዓይነቱ ዓሣ አዳኝነቱን ባለ ጥርስ ለሆኑት ትቶ ሣርና ነፍሳት ሲለቅም ይኖራል። ጣና ውስጥ ግን ባለ ጥርሶቹ ፏፏቴውን መውጣት ስላቃታቸው ድዳሙ አዳኝ ሆነ።

ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደዚህ አገር መጥቶ የጣናን ዓሣዎች ለዓለም ባስተዋወቀ ጊዜ የአገሬውን ስም ይዞ ሄደ፤ እኛ «በዞ» የምንለው ዓሣ ዛሬም በላቲን መዝገብ «ቤሶ» ነው። የጣናና የጎርጎራም ስም እንደዚሁ በዓሣ ስም ውስጥ ገብቶ በየቤተ መጻሕፍቱ ይኖራል። 15ቱን ዝርያ አንድ በአንድ ለይተው ያስቀመጡት ግን ናጌልኬርኬና ሲቢንግ የተባሉት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ያውም ትናንት፣ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.)። ከዚያ በፊት ሁሉንም አንድ አድርገን ነበር የምንበላው። አሁንም ያው ነው።

እንዲህ ያለው የነጭ ዓሣ ቤተ ዘመድ በዓለም ላይ የታወቀው በሁለት ሐይቅ ነበር። ሁለተኛው ፊሊፒንስ ውስጥ ያለው ላናኦ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከላናኦ 17 ብርቅ ዓሣዎች መካከል 15ቱ ከምድረ ገጽ ጠፍተዋል፣ የቀሩት ሁለቱም ወይ ሊጠፉ ነው ወይ ጠፍተዋል ሲል መርዶውን አወጣ። የፈጃቸው ከውጭ መጥቶ የገባ አዳኝ ዓሣና ልቅ ማጥመድ ነው። እንግዲህ ጣና ብቻውን ቀረ ማለት ነው። የዳህላክ የኮራል ዓሣ ወንድምና እኅት በቀይ ባሕር ዙሪያ፣ በሱዳን፣ በግብፅ፣ በሳዑዲ ዳርቻ ይገኛል። የጣና ነጭ ዓሣ የእናት ልጅ የለውም።

አሁን ወደ ጠቡ ልግባ።

ባሕሩን ለማየት ሰው ሁሉ ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል። እኔ ግን «ወደ ጣራ ገዳም ውጡ» ባይ ነኝ። ከወረታ በጎንደር መንገድ ተጉዞ አዲስ ዘመን ሲደረስ ከከተማዋ በላይ ባለው ተራራ ላይ ነው ያለው። ወይራው ጥቅጥቅ ብሎ፣ ከታች ያለው ተራራ ሁሉ ራሰ በራ ሆኖ እሱ ብቻ ጠጉሩን እንደያዘ ይታያል። ያን ደን የጠበቀው የባዮስፌር ሰሌዳ አይደለም፤ የመነኮሳቱ ግዝት ነው። (ይህን ስል ለግዝት ጥብቅና መቆሜ አይደለም፤ የሠራውን መናገሬ ነው። በደሴቶቹም ላይ ያለው ደን ያው በገዳማቱ ተጠብቆ የኖረ ነው።) ከዚያ ከፍታ ላይ ቁልቁል ሲመለከቱ የፎገራ ሜዳ እንደ ሰሌን ተዘርግቷል፤ በጠራ ቀን ከሜዳው ጫፍ ባሕሩ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። እኔ ጥቅምት ላይ ወጥቼ፣ ሩዙ ቢጫ መሆን ጀምሮ አይቻለሁ። ሩቅ ከምሥራቅ፣ ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ሜዳውን አቋርጠው ወደ ባሕሩ የሚገቡት በዚህ በኩል ነው።

እነዚህን ሁለት ወንዞች ጎብኚ ከመኪና መስኮት ድልድይ ሲሻገር ያያቸዋል፤ ወይም አያያቸውም። ነገር ግን የጣና ነጭ ዓሣ ማዋለጃ ቤቱ እነሱ ናቸው። ከ15ቱ ዝርያ ግማሽ ያህሉ ባሕር ውስጥ አይወልዱም። ክረምት ገብቶ፣ ወንዙ ሞልቶ፣ የደፈረሰው ውኃ ባሕሩን ሲነካው፣ ከሐምሌ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ፣ ዓሣዎቹ ተሰብስበው በወንዞቹ አፍ ይቆማሉ፤ ከዚያም ወደ ላይ ይወጣሉ። ጠጠር ያለበትን፣ ንጹሕ ውኃ የሚሮጥበትን ገባር እየፈለጉ እስከ ደጋው ሥር ይሄዳሉ። እዚያ ጥለው ይመለሳሉ።

ታዲያ የወንዝ አፍ ጠባብ ነው። ጠባብ በር ላይ ለቆመ ሰው ደግሞ አደን ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ከኔዘርላንድ በተገኘ ርዳታ ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ጣና ገባ። ከዚያ በፊት አጥማጁ በደንገል ታንኳ ከዳር ዳር የሚል ነበር። ርዳታው በክፉ ሐሳብ የመጣ አይደለም፤ ረሀብ ባየ አገር ዓሣ ይበላ መባሉ ምን ክፋት አለው? ነገር ግን ለነጭ ዓሣው ያ መረብ ናይል ፐርች ሆኖበት መጣ፤ ፏፏቴው ያስቀረለት አዳኝ በመኪና ተጭኖ ደረሰ። መረቡ በክረምት በርብና በጉማራ አፍ ላይ ሲዘረጋ የሚይዘው ዓሣ ብቻ አይደለም፤ ገና ያልተወለደውን ጭምር ነው። ተመራማሪዎቹ ከአሥር ዓመት በኋላ ቢቆጥሩ የነጭ ዓሣው ብዛት ከግማሽ በእጅጉ አንሶ አገኙት። ከመረቡ ያመለጠው ደግሞ ወደ ላይ ወጥቶ ብርብራ ይጠብቀዋል። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ትልቁም ትንሹም፣ የሚበላውም የማይበላውም ሰክሮ ይንሳፈፋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ደስ የማይለው እንደሚኖር አውቃለሁ። ዓሣው ወንዝ የሚወጣበት ጊዜ ፍልሰታ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ ትቼዋለሁ። የሚበላው ሰው ግን ብዙ ነው፤ ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ ዓሣ ገበያው ይሞቃል። እኛ ለጽድቅ ብለን ከሥጋ የራቅንበት ሳምንት እርጉዟ ዓሣ የምትታረድበት ሳምንት ሆኗል።

«እምቦጭስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጎበዝ፣ እምቦጭን አልረሳሁም። አረሙ በጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመቻ፣ ስንት ማሽን፣ ስንት መዋጮ፣ ስንት ዘፈን! በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በወጣው ትልቅ ዘመቻ ገበሬው ደረቱ ድረስ ውኃ ገብቶ በእጁ ሲነቅል አገር አይቷል። ያን ገበሬ የማከብረውን ያህል እኛን ታዝቤአለሁ። እምቦጭ ለካሜራ የተመቸ ጠላት ነው። ይታያል፣ አረንጓዴ ነው፣ ባዕድ ነው፣ ሲነቀል ያጨበጭቡለታል። ወንዝ አፍ ላይ ከውኃ በታች የተዘረጋ መረብ ግን አይታይም፤ የሚዘረጋውም ባዕድ ሳይሆን ጎረቤት ነው፤ የሚበላውም እኛው ነን። በእምቦጭ ላይ የዘመተው ሕዝብ በመረቡ ላይ አንዲት ቀን ሲዘምት አላየሁም። ለነገሩማ አረሙም ቢሆን ከሰማይ አልወረደም። በደለልና በማዳበሪያ የሰባ ውኃ ሲያገኝ ነው የሚፋፋው። የበረታውም ወንዞቹ የተራቆተውን ተራራ አፈር አምጥተው በሚያፈሱበት በሰሜኑና በምሥራቁ ዳርቻ፣ በደምቢያ፣ በሊቦ ከምከም፣ በፎገራ ነው። ከጣራ ገዳም ሆኖ ያየው ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ የባሕሩ በሽታ ምንጩ ተራራው ላይ ነው።

ሜዳውስ? ፎገራ ድሮ የሚታወቀው በከብቱ ነበር። ክረምት ርብ ከአፉ ሞልቶ ሜዳውን ያጥለቀልቀዋል፤ ውኃው ሲሸሽ ሣሩ ይቀራል፤ የፎገራ ላም በዚያ ሣር ነው ስም ያወጣችው። በደርግ ጊዜ ከሰሜን ኮሪያውያን ጋር የመጣው ሩዝ በጅግናና በሻጋ ማኅበራት ተሞክሮ ከዚያ በኋላ ሜዳውን አለበሰው። ዛሬ ወረታ ማለት ሩዝ ማለት ነው፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ነው። በሩዙ ልቆጣ አልችልም። ውኃ የተኛበትን መሬት እንጀራ ያደረገ ገበሬ ሊመሰገን ይገባዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ ቤቱን የወሰደበት ሰው ወንዙ ዳር ላይ ግድብ ይሠራልኝ ቢልም አልፈርድበትም። ግን ሂሳቡን አብረን እናስላ፤ ወንዙ በአፈር ክምር ሲታጠር ሸሸርና ወላላ የሚባሉት የወፍ አገሮች ውኃቸው ቀረ። በጋ ላይ የቀረችውን ኩሬ ደግሞ ፓምፑ ለሽንኩርት መጠጣት ጀመረ። ከሰሜን አውሮፓ ተነሥቶ በረሃ አቋርጦ የሚመጣው ሽመላ የሚያርፍበት ጠበበው። ርብ ላይ ከላይ ትልቁ የመስኖ ግድብ ቆመ። ከታች አሸዋው እየተዛቀ በገልባጭ መኪና ለግንባታ ይሄዳል። ዓሣው እንቁላሉን የሚጥልበት ጠጠር አሁን የአንዳችን ቤት ወለል ሆኗል።

ታዲያ «ጥብቅ ስፍራ» የሚለው ቃል ምን ማለት ነው? አገራችን ስለ ዓሣ ሀብት ሕግ የላትም እንዳይባል አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። የባዮስፌሩ ካርታም ዋና ቀጠና፣ መካከለኛ ቀጠና፣ የልማት ቀጠና እያለ በቀለም ተለይቷል። ዓሣው ካርታ ማንበብ ቢችል ኖሮ አረንጓዴውን ቀለም እየተከተለ ይወልድ ነበር! በክረምት ወራት የወንዞቹ አፍ ለመረብ ይዘጋ የሚለው ምክር ከተመራማሪዎቹ ብዕር ከወጣ ስንት ዘመኑ ነው? ምክሩ ውድ አይደለም። ፋብሪካ አያሠራም፣ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም፣ ማሽን አያስገዛም። ለዚህ ይሆን የዘገየው?

ጎብኚውም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ጦርነት የተነሣ ጎብኚ መጥፋቱን፣ የጀልባ ነጂውም ሥራ መፍታቱን አውቃለሁ። ስለ ደግ ጊዜው ነው የምናገረው። ደግ ጊዜ በነበረ ጊዜ ምን እናይ ነበር? ጀልባ ተከራይቶ ዘጌ፣ ክብራን፣ ሥዕሉን አይቶ፣ ጉማሬ ካለ ጉማሬ ብሎ መመለስ ነው። ገዳማቱ መታየታቸው የሚያኮራ ነው፤ ነገር ግን ከእነሱ እኩል የሚያኮራው ነገር ከጀልባው ሥር ሲዋኝ አንድም አስጎብኚ ጣቱን ወደ ውኃው ሲጠቁም አላየሁም። ይባስ ብሎ ከተሜው «ንጹሕ ዳርቻ» ይወዳል። ቀይ ባሕርን በፊልም አይቶ መጥቶ ደንገሉ ሲጋርደው ይከፋዋል። ስለዚህ ውኃ ዳር መዝናኛ የሚሠራ ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ደንገሉን ማጽዳት ነው፤ «ዕይታውን ለመክፈት» ይሉታል። ወገኖቼ፣ የጣና ዳርቻ አሸዋ አይደለም፤ ደንገሉና ጭቃው ነው ዳርቻው! ቀረሶ ልጆቹን የሚያሳድገው እዚያ ነው፤ ደለሉን የሚያጣራው እሱ ነው፤ የነገደ ወይጦ ታንኳ ከእሱ ነው የሚሠራው። ደንገሉን አጽድቶ ባሕር ማየት ፊደሉን ፍቆ ብራናውን እንደ ማድነቅ ነው።

ከሜዳው ጫፍ፣ ባሕሩ ዳር መረቡን ፀሐይ ላይ ዘርግቶ የሚጠግን አንድ ሸምገል ያለ አጥማጅ አግኝቼ ነበር። ስለ ክረምቱ መረብ ስጠይቀው ቀና ብሎ አየኝና፣ «ልጄ፣ ከተማ ሆኖ መከልከል ቀላል ነው» አለኝ። «አባቴ፣ ልከለክልዎ አልመጣሁም፤ ግን ዓሣው እያለቀ አይደለም ወይ?» ስለው አልካደኝም። ልጅ ሆኖ ያያቸው የነበሩትን ትልልቅ ነጭ ዓሣዎች በክንዱ ለክቶ አሳየኝ፤ የዛሬዎቹንም በስንዝሩ። «እኔ ሐምሌ ላይ መረቤን ብሰቅል ያ ከወዲያ ያለው አይሰቅልም። እሱ ከብሮ እኔ ጦሜን አድራለሁ። ሁላችንን ባንድ ቀን ይከልክሉና፣ ለዚያችም ወር የምንቀምሳትን ይስጡን፤ ያን ጊዜ እኔው ዘብ እቆማለሁ።»

ሰውየው ያለው አንድ አዋጅና አንድ በጀት ነው። ለእምቦጭ ማሽን መግዣ ገንዘብ የተገኘበት አገር ለጥቂት ክረምት ወራት፣ በጥቂት ወንዝ አፍ ላይ ለሚሠሩ አጥማጆች የቀለብ ገንዘብ አላገኝም ቢል አላምነውም። የከተማው ሰው ድርሻ ደግሞ ከዚህ ይቀላል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነጭ ዓሣ አይዘዝ፤ ቀረሶ አለ፣ አምባዛ አለ። ባለ ሆቴሎቹም ምን ዓሣ እንደሆነ ለይተው ዝርዝራቸው ላይ ይጻፉ። ባለፈው ነሐሴ በአንድ ትልቅ ሆቴል ተቀምጬ አስተናጋጇን «እኅቴ፣ ዓሣው ምን ዓሣ ነው?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። ግራ ተጋብታ ወደ ማዕድ ቤት ገባች፤ ከምግብ አብሳዩ ጋር ተመካክራ ተመለሰችና መልሱን በትሕትና ነገረችኝ፦

«ዓሣ ነው፣ ጋሼ።»